ፖርቱን ከፍቻለሁ፣ ሰርቨሩ ግን አይገኝም፦ ፓኬቱን ከውጭ በር እስከ ጓዳ እንከተለው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቢሯችን መርካቶ ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት የዊንዶውስ ሰርቨር አለን፤ አድራሻው 192.168.88.10 ነው። ሐዋሳ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛችን በሪሞት ዴስክቶፕ (ከሩቅ ሆኖ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሥሪያ) እንድትገባ ብዬ ማይክሮቲኩ፣ ማለትም ራውተራችን፣ ላይ ፖርት 3389ን ወደ ሰርቨሩ ፎርዋርድ አደረግኩ። የማይክሮቲኩ አንደኛ ፖርት ከፋይበር ሞደሙ 192.168.1.5 የሚል አድራሻ ወስዷል። ቢሮ ሆኜ በፐብሊክ አይፒያችን ስሞክር አይገባም፤ እሷም ከሐዋሳ ስትሞክር አይገባም። ደንቡን ስንት ጊዜ ሰርዤ እንደ ጻፍኩት አላውቅም። ሦስት ቀን ሆነኝ። ፋየርዎሉን ጭራሽ ባጠፋውስ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ፋየርዎሉን አታጥፋው። ብታጠፋውም አይገባም፤ ፓኬቱ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚጓዘው የመረጃ ጥቅል፣ ገና እሱ ጋ አልደረሰምና። መልሱን ራስህ ጥያቄህ ውስጥ ጽፈኸዋል፤ 192.168.1.5 የምትለዋ ቁጥር ናት። ማይክሮቲክህ ኢንተርኔቱን በቀጥታ አያየውም። ከፊቱ ሌላ ራውተር ቆሟል፤ እሱም የፋይበር ሞደሙ ነው። ከሐዋሳ የሚመጣው ፓኬት ሞደሙ ጋ ደርሶ እዚያው ይቀራል። አንተ ስትሰርዝ ስትጽፈው የከረምከው ደንብ ምናልባት ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር፤ የሚሠራበት ፓኬት ግን አንድም ቀን አልመጣለትም።

እንዴት አወቅህ ካልከኝ፣ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተመደቡ ሦስት የአድራሻ ክልሎች አሉ፦ በ10 የሚጀምረው በሙሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው፣ እና በ192.168 የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ ወደነዚህ አድራሻዎች ፓኬት አያደርስም። ስለዚህ የራውተርህ የውጭ እግር ላይ 192.168 ካየህ፣ ያ እግር የረገጠው ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

የፖስታ ሳጥንን አስበው። መሥሪያ ቤቱ መቶ ሠራተኛ ቢኖረውም ደብዳቤው የሚመጣው በአንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ ከሳጥኑ አውጥቶ ለየባለቤቱ የሚያድል ሰው ያስፈልጋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ለዚያ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ «3389 የሚል ከመጣ ለ192.168.88.10 ስጥ» እንደማለት። አንተ ቢሮ ግን ደብዳቤው በሁለት ሰው እጅ ያልፋል፤ ትእዛዙን የነገርከው ለሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይጥለዋል።

አሁን የሞደሙን ገጽ ክፈት፤ በአንተ ሁኔታ 192.168.1.1 ላይ ሳይሆን አይቀርም። ስታተስ የሚለው ውስጥ የዋን አይፒ፣ ማለትም የሞደሙ የውጭ በኩል አድራሻ፣ ተጽፎ ታገኛለህ። ከዚያ ፐብሊክ አይፒህን ከሚነግሩህ ድረ ገጾች አንዱን ክፈትና ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው። እኩል ከሆኑ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኩል ካልሆኑ፣ በተለይ የሞደሙ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 የተመደበው አቅራቢዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ ፐብሊክ አይፒ ጀርባ እንዲያስቀምጡ ነው፤ የአይፒቪ4 አድራሻ እያለቀ በመሄዱ። ያኔ ሦስተኛ በር አለ ማለት ነው፣ የዚያም ቁልፍ አንተ ጋ የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቤትህን በር ወለል አድርገህ ብትከፍተው የግቢው የጋራ በር ከተዘጋ እንግዳህ አይደርስም። እዚህ ላይ የደንብ አጻጻፍ ማስተካከል ምንም አይፈይድም። ወይ አቅራቢውን ቋሚ ፐብሊክ አይፒ ትጠይቃለህ፣ ወይ ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ትጀምረዋለህ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው ብለን እንቀጥል። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ሞደሙን ብሪጅ ማድረግ ነው፦ ሞደሙ ራውተርነቱን ትቶ ብርሃኑን ወደ ገመድ የሚቀይር ሣጥን ብቻ ይሆናል፤ የፒፒፒኦኢ (ወደ አቅራቢው መስመር የሚገባበት ዘዴ) ስምና የይለፍ ቃሉን ማይክሮቲኩ ላይ ታስገባለህ፣ ፐብሊክ አይፒውም ማይክሮቲኩ ላይ ያርፋል። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ በር አንድ ሲሆን ጠባቂም አንድ ይሆናል፣ ሲበላሽም የምትፈትሸው አንድ ቦታ ነው። ነገር ግን የመግቢያውን ስምና ቃል ከአቅራቢህ ሳትቀበል ሞደሙን አትንካው፤ ቢሮውን ያለ ኢንተርኔት ታስቀረዋለህ። ሁለተኛው መንገድ ሞደሙ ላይም ደንብ መጻፍ ነው፤ ከውጭ የመጣውን ወደ 192.168.1.5 አስተላልፍ የሚል። ይህን ከመረጥክ ያቺ 192.168.1.5 እንዳትቀየር ሞደሙ ላይ ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው ክፍል) ውስጥ ለማይክሮቲኩ በቋሚነት አስይዛት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞደሙ ለማይክሮቲኩ 192.168.1.7 ሰጥቶት፣ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ለምን ቆመ ብለው የሚጨነቁ ብዙ ሰዎች አግኝቻለሁ።

አሁን ወደ ደንቡ ራሱ። ዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ አይፒ፣ ከዚያ ፋየርዎል፣ ከዚያ ናት የሚለውን ገጽ ትከፍታለህ። ቼይን ዲኤስቲናት፣ ፕሮቶኮል ቲሲፒ፣ የመድረሻ ፖርት፣ አክሽን ዲኤስቲ-ናት፣ ቱ አድሬስስ 192.168.88.10። እስከዚህ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ስህተት የሚገባው ደንቡ የሚይዘው ፓኬት «ከየት የመጣ፣ ወዴት የሚሄድ» እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ነው። የመድረሻ አድራሻ የሚለው ላይ ፐብሊክ አይፒህን ጽፈህ ከሆነና ሞደሙ አሁንም ራውተር ከሆነ፣ ደንቡ ምንጊዜም አይሠራም፤ ፓኬቱ ማይክሮቲኩ ጋ ሲደርስ መድረሻው በሞደሙ ተቀይሮ 192.168.1.5 ሆኗልና። በተቃራኒው ሁለቱንም ባዶ ከተውክ፣ አድራሻም መግቢያ ኢንተርፌስም ካልጻፍክ፣ ደንቡ በዚያ ፖርት የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል። ለ3389 ላታስተውለው ትችላለህ። ለ443 አድርገኸው ቢሆን ግን የቢሮው ሰው ሁሉ ባንክም ኢሜይልም ሲከፍት የሚያርፈው የራስህ ሰርቨር ላይ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቢሮ ተጠርቼ ሄጄ «ኢንተርኔቱ በሙሉ ተጠልፏል» ብለው ጠበቁኝ። የመግቢያ ኢንተርፌሱን አንደኛ ፖርት፣ ብሪጅ ካደረግከው ደግሞ የፒፒፒኦኢውን፣ ብለህ ጻፍ።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝልህ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አድራሻ መቀየርና ማሳለፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ናት የሚለው ገጽ መድረሻውን ይቀይራል፤ ይለፍ አይለፍ የሚለውን የሚወስነው ግን ፊልተር የሚለው ገጽ ነው። ቅደም ተከተላቸውም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ መድረሻው ይቀየራል፣ ከዚያ ማጣሪያው ያየዋል። ስለዚህ ማጣሪያው ጋ ሲደርስ ፓኬቱ የሚለው «ወደ 192.168.88.10 ነው የምሄደው» ነው፤ ፐብሊክ አይፒው ከላዩ ላይ ጠፍቷል። ፊልተሩ ላይ ፐብሊክ አይፒውን ጽፎ «ፈቅጃለሁ እኮ» የሚል ሰው ያልመጣ ፓኬት ነው የፈቀደው። ማይክሮቲክ ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ደንብ በዚህ ረገድ በደንብ የታሰበበት ነው፤ የመጨረሻው ደንብ ከውጭ የሚመጣውን ይጥላል፣ ዲኤስቲናት ያለፈውን ግን ያሳልፋል። አንተ ወይም ከአንተ በፊት የነበረው ባለሙያ ያንን ሰርዛችሁ ደረቅ «ሁሉንም ጣል» ካስገባችሁ፣ ከእሱ በላይ የፈቃድ ደንብ ያስፈልጋል። በላይ ስል በላይ ማለቴ ነው፤ ደንቦች ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፣ መጀመሪያ የገጠመው ይፈርዳል።

ሌላ ዕቃ ለሚጠቀሙ አንባቢዎች፦ ሊኑክስ ላይ አይፒቴብልስም ሆነ ኤንኤፍቴብልስ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ፒኤፍሴንስ የናት ደንቡን ስትጽፍ የማጣሪያውን ደንብ አብሮ ሊፈጥርልህ ይችላል። ፎርቲጌት ላይ ቨርቹዋል አይፒ ይሠራና በፖሊሲው መድረሻ ላይ ይቀመጣል። ሲስኮ ኤኤስኤ ከ8.3 ወዲህ በማጣሪያው ላይ የውስጡን እውነተኛ አድራሻ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ግን የውጭው ነበር የሚጻፈው፣ የድሮ መመሪያ ተከትሎ የሚሠራ ሰው የሚጠፋው በዚህ ነው።

ቢሮ ሆነህ በፐብሊክ አይፒ የሞከርከው ሙከራ ደግሞ ምንም አይነግርህም። አሁን ባለህ አሠራር ሞደሙ ከውስጥ ወጥቶ ወደ ራሱ ውጫዊ አድራሻ የሚመለስን ፓኬት ይቀበል አይቀበል የሞደሙ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቹ አይቀበሉም። ብሪጅ ካደረግከው በኋላ የሚሆነውን ግን ቀስ ብለህ ተመልከተው። ያንተ ላፕቶፕ 192.168.88.20 ነው እንበል። ወደ ፐብሊክ አይፒው ይልካል። ከላይ እንዳልኩህ መግቢያውን የውጭ ኢንተርፌስ ብቻ ካልከው ከውስጥ የመጣውን ደንቡ አይነካውም፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከውስጥ የሚመጣውንም እንዲይዝ ካደረግከው፣ ማይክሮቲኩ መድረሻውን ወደ 192.168.88.10 ቀይሮ ለሰርቨሩ ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ላኪውን ያያል፤ 192.168.88.20፣ እዚሁ ጎረቤቴ ነው ይልና በራውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ይመልስለታል። ላፕቶፑ ግን መልስ የሚጠብቀው ከፐብሊክ አይፒው ነው። ከማያውቀው አድራሻ የመጣ መልስ ስለሆነበት አይቀበለውም። ሰርቨሩ መልሷል፣ ላፕቶፑ አልሰማም። ለዚህ መፍትሔው ከውስጥ ወደ ውስጥ የሚሄደውን ማስከሬድ የሚያደርግ፣ ማለትም የላኪውን አድራሻ በራውተሩ አድራሻ የሚተካ፣ ሁለተኛ ደንብ ነው፤ ሰርቨሩ ጥያቄው ከራውተሩ የመጣ ስለሚመስለው መልሱን ለራውተሩ ይሰጣል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው በቀጥታ 192.168.88.10 ብሎ እንዲገባ አደርጋለሁ። ጎረቤትህን ለማነጋገር ዋናው መንገድ ድረስ ወጥተህ መመለስ አያስፈልግም። ለሙከራ ደግሞ ስልክህን ከዋይፋይ አውጥተህ በሞባይል ዳታ ሞክር። ያ ነው የውጭ ሰው።

መልሱ የሚመለስበት መንገድ ለሌላም ነገር ወሳኝ ነው። ፎርዋርዲንግ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ መግቢያው ብቻ ነው፤ እኔ ካየኋቸው ጉዳዮች ግማሽ ያህሉ የተበላሹት መመለሻው ላይ ነው። ራውተሩ የቀየረውን አድራሻ በሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ መልሱ በእሱ በኩል ሲመለስ መልሶ ያስተካክለዋል። መልሱ በሌላ መንገድ ከወጣ ያ መዝገብ አያገኘውም። አንድ የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ ጋ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። የናቱም የማጣሪያውም ደንብ ጥርት ያለ ነበር። ፓኬቱ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ይታየኛል፣ ሲወጣ አይታየኝም። ሊነጋጋ ሲል ሰርቨሩ ጀርባ ዞሬ በእጅ ባትሪ ሳይ ሁለት የኔትወርክ ገመድ ተሰክቶበታል፤ ሁለተኛው ከአሮጌ የኤዲኤስኤል ራውተር የመጣ ነው፣ ማንም አላስታወሰውም። የሰርቨሩ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጣበት በር) እሱ ነበር። ጥያቄው በፋይበሩ እየገባ መልሱ በአሮጌው መስመር እየወጣ ይጠፋ ነበር። ገመዱን ነቀልኩት፣ ጌትዌዩን አስተካከልኩ፣ ገባ። ስለዚህ አንተም ሰርቨሩ ላይ ጌትዌይ የሚለው 192.168.88.1 መሆኑን በዓይንህ እይ። ባዶም እንዳይሆን፤ አድራሻውን በእጁ የጻፈ ሰው ጌትዌዩን ሳይሞላ መተው የተለመደ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉ ነገር ስለሚሠራ ጉድለቱ አይታወቅም።

የዊንዶውሱ የራሱ ፋየርዎልም አለ። ከጎን ካለ ኮምፒዩተር ይገባል ማለት ከውጭ ይገባል ማለት አይደለም፤ የሪሞት ዴስክቶፕ ደንቡ ውስጥ ስኮፕ የሚለው ቦታ ከዚያው ኔትወርክ የሚመጣን ብቻ እንዲፈቅድ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እሱንም ክፈትና እይ።

አሁን ሦስት ቀን ያጠፋብህን ነገር ላንሳ። ደንቡን እየሰረዝክ ትጽፋለህ፣ ትሞክራለህ፣ አይሠራም፣ እንደገና ትሰርዛለህ። ፓኬቱ የት እንደቆመ ሳታውቅ የምታደርገው ለውጥ ሁሉ አዲስ ስህተት ይጨምርብሃል። ማይክሮቲክ ደግሞ ይህን የሚያሳይ ጥሩ መሣሪያ አለው። ናት ገጹ ላይ ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን የፓኬት ቁጥር አለ። ቁጥሩን ዜሮ አድርገው። ሐዋሳ ደውልና «አሁን ሞክሪ» በላት። ዓይንህን ከቁጥሩ ላይ አታንሳ። ዜሮ ላይ ከቀረ፣ ወይ ፓኬቱ አልመጣም ወይ ደንቡ አልገጠመውም፤ ቶርች የሚለውን፣ የሚያልፈውን ትራፊክ የሚያሳይ መሣሪያ በውጭው ፖርት ላይ ክፈትና ለይ። ቶርች ላይም ካልታየ ወደ ሞደሙ ወይም ወደ አቅራቢው ሂድ፤ ማይክሮቲኩን አትንካ። ቁጥሩ ከጨመረ ፓኬቱ ደርሶ ተቀይሯል ማለት ነው። የናት ደንብ የሚቆጥረው የየግንኙነቱን መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ አንድ ሁለት ቢል አትደንግጥ። ከዚያ ወደ ፊልተር ገጽ እለፍ፤ የመጣያው ደንብ ቁጥር አብሮ ከዘለለ ጣዩን አገኘኸው። እሱም ዝም ካለ ወደ ውስጥ በሚሄደው በኩል ፓኬት ስኒፈሩን ክፈት፤ ወደ 192.168.88.10 ሄዶ መልስ ከሌለ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ማለትም ጌትዌዩ ወይም የዊንዶውሱ ፋየርዎል። በዚህ መንገድ ሦስት ቀን ሳይሆን አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል።

ፒንግ አድርገህ አትፍረድ፤ ፒንግ ፖርት የሚባል ነገር አያውቅም። ከውጭ ስትሞክር የሚመጣልህን ምላሽ ግን ልብ በል። ወዲያው «ተከለከለ» ካለህ አንድ ማሽን ጋ ደርሰሃል፣ ያ ፖርት ግን አይሰማም ማለት ነው። ብዙ ቆይቶ «ጊዜው አለፈ» ካለህ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተጥሏል ወይም መልሱ መመለሻ አጥቷል።

ይህን ሁሉ ካልኩህ በኋላ የምለምንህ ነገር አለ። 3389ን ለዓለም ሁሉ አትክፈት። እንዲሠራ የሚያደርግህን መንገድ የነገርኩህ ለሌላም ስለሚጠቅምህ ነው፤ ለሪሞት ዴስክቶፕ ግን እንዳታውለው። ፐብሊክ አይፒዎችን ሌት ተቀን የሚያስሱ ማሽኖች አሉ፤ መርካቶ ትሁን ሌላ ቦታ ግድ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲታወቅ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ በኩል ያለ ምንም የይለፍ ቃል ማሽን መቆጣጠር የሚያስችል ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለሰርቨር 2003 ጭምር መጠገኛ አውጥቷል። ፖርቱን 33890 አደርገዋለሁ እንዳትለኝ፤ አሳሾቹ ሁሉንም 65535 ፖርት መሞከር ይችላሉ፣ በሌላ ቁጥር የተደበቀ ሪሞት ዴስክቶፕንም ከመልሱ ያውቁታል።

የማውቀው አንድ ቢሮ እንዲህ ከፍቶት ነበር። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተቀይሯል፣ ማያው ላይ የገንዘብ ጥያቄ ተጽፏል። መጠባበቂያው የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ እዚያው ሰርቨር ላይ ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተቆለፈ። ሎጉን (የሰርቨሩን መዝገብ) ስናይ 4625 የሚለው ቁጥር፣ ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው፣ ለሳምንታት በየጥቂት ሰከንዱ ተመዝግቧል። አድሚኒስትሬተር፣ ስካነር፣ ባክአፕ፣ ዩዘር 1 እያሉ ስም በስም ሲሞክሩ ከርመዋል። ማንም ሎጉን ከፍቶ አላየም። የሒሳብ ክፍሉ ልጆች የሦስት ዓመት ሽያጭ ከደረሰኝ ጥራዝ እየገለበጡ እንደገና አስገቡ። ስንት ወር እንደፈጀባቸው ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ የምመክርህ ፖርት ፎርዋርዱን ለቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ለሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) እንድታውለው ነው። ማይክሮቲክህ ራውተርኦኤስ 7 ላይ ከሆነ ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን አብሮት አለ። ሞደሙን ብሪጅ ካላደረግከው እሱ ላይ የምትከፍተው አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ ዩዲፒ 51820 ወደ 192.168.1.5። ማይክሮቲኩ ላይ ዲኤስቲናት አያስፈልግም፤ ፓኬቱ የሚያበቃው ራውተሩ ራሱ ጋ ስለሆነ የሚፈቀደው ኢንፑት በሚለው ቼይን ነው፣ ከመጣያው ደንብ በላይ። ዋየርጋርድ ቁልፉን ለማያውቅ ሰው መልስ አይሰጥም፤ አሳሹ አንኳኩቶ ቤቱ ባዶ ይመስለዋል፣ ያልፋል።

አሠራሩ አጭር ነው። ማይክሮቲኩ ላይ የዋየርጋርድ ኢንተርፌስ ፍጠርና 10.10.10.1 ስጠው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ላይ የዋየርጋርድን ፕሮግራም ጫንና 10.10.10.2 ስጠው። ሁለቱ የሕዝብ ቁልፎቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ የግል ቁልፉ ከተፈጠረበት ማሽን አይወጣም፣ በቴሌግራምም አይላክ። የእሷ ላፕቶፕ ላይ አሎውድ አይፒስ በሚለው ቦታ 192.168.88.10ን ጨምር፤ ያለዚህ ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን መንገድ አታውቀውም። ከዚያ በፎርዋርድ ቼይን ከዋየርጋርዱ የሚመጣ ወደ 192.168.88.10 ፖርት 3389 ብቻ ይለፍ፣ ሌላው ይጣል ብለህ ጻፍ። ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚለውን 25 ሰከንድ አድርገው፤ በእሷ በኩል ያለው ራውተር መስመሩን ሥራ ፈት መስሎት እንዳይዘጋው። ላስት ሃንድሼክ የሚለው ላይ ጥቂት ሰከንድ ካየህ ተገናኝታችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ማይክሮቲክ ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጥ ኔትወርኩ 192.168.88 ነው። ያንተም እንዲያው ነው። ሐዋሳም ማይክሮቲክ ከገዛችሁ ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ዓይነት አድራሻ ይይዛሉ፤ ላፕቶፑ 192.168.88.10 ሲባል ሐዋሳ ውስጥ ያለውን ይፈልጋል፣ ወደ መርካቶ አይመጣም። የአንዱን ወደ 192.168.89 ቀይረው፤ ሠራተኛ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ፕሪንተሮችን ሳትረሳ።

ቪፒኤኑ ከተሠራ በኋላ ደግሞ የፒችትሪውን ፎልደር ሼር አድርጋ ከሐዋሳ እንድትከፍተው አትፍቀድ። ዳታቤዙ ለቢሮ ውስጥ ገመድ የተሠራ ነው፤ በሩቅ መስመር እጅግ ይንቀረፈፋል፣ መስመሩ መሃል ላይ ሲቆረጥም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨሩ ላይ ሆና ትሥራ፤ መስመሩ ቢቆረጥ ሥራዋ ሰርቨሩ ላይ ይቆያታል።

ቅድም ላስቀመጥኩት ጉዳይ፣ መርካቶ ያለው መስመር በአቅራቢው የጋራ አድራሻ ጀርባ ከሆነስ? ዋየርጋርድ ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻ ከውጭ የሚደረስ ቢሆን ይበቃዋል። ሐዋሳ ፐብሊክ አይፒ ካለ የሐዋሳው ራውተር ተቀባይ ይሁን፣ መርካቶ ይደውልለት። ሁለቱም ከሌላቸው ፐብሊክ አይፒ ያለው ትንሽ ሰርቨር ተከራይተህ ሁለቱም ወደዚያ እንዲደውሉ ታደርጋለህ።

ፐብሊክ አይፒህ ቋሚ ካልሆነ ማይክሮቲኩ ላይ አይፒ ክላውድ የሚለውን አብራው፤ ስም ይሰጥሃል፣ አድራሻው ሲቀየር ስሙ ተከትሎት ይሄዳል። ሐዋሳ ላፕቶፑ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ ያንን ስም ጻፍላት።

ነገ ከምንም በፊት የሞደሙን የዋን አይፒ አይተህ በምን ቁጥር እንደሚጀምር ብቻ ንገረኝ፤ ሙሉውን እዚህ አትለጥፈው። የፋየርዎል ደንቦችህንም ስታወጣ ፐብሊክ አይፒውንና ቁልፎቹን ደምስሰህ ላክ። ለጊዜው የከፈትከውን የ3389 ደንብ ግን ዛሬውኑ ዲሴብል አድርገው፤ ቪፒኤኑን ሠርተን እስክንጨርስ ተዘግቶ ይደር።